አሥራ ስምንት ያልሁት

እትዬ ሰገነት፣
ቁልፉ ከእንስራው ሥር ነው። ከፋብሪካ ስትመለሺ ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለልሽ። ጨው በዝቶበታል፤ ብትሰድቢኝም አልሰማሽም፣ ሄጃለሁ።

ወንድምሽ አካሉ ለውትድርና ከተወሰደ ጀምሮ «ዕድሜውን የዋሸ እጁ ይድረቅ» ስትዪ አሜን ስል ሰንብቻለሁ።
የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ለሸንጎው ምርጫ ከቀበሌው ወጣቶች ጋር መራጭ ስንመዘግብ፣ ቀበሌያችን በመራጭ ብዛት አንደኛ እንዲወጣ ብዬ የአካሉን አሥራ ስድስት ዓመት አሥራ ስምንት አልሁት። እሱም «በአንድ ቀን አጎረመስሽኝ» ብሎ ሳቀ። ለካ ለዘመቻም የሚጠሩት ከዚያው መዝገብ ነው።

የትምህርት ቤት ካርዱን ከሣጥንሽ ወስጃለሁ። ምልምሎቹ ዱርቤቴ ናቸው አሉ፤ እዚያ ሄጄ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ።
ምናልባት ባያምኑኝ ብዬ የኔን ጋቢ ይዤለታለሁ።
የእሱን መደቡ ላይ አንጥፌዋለሁ፤ እስኪመጣ አታንሺው።

እናትዓለም