አንዴ ጠርታ የምትቆም ስልክ

ይድረስ ለምወድዎ ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካው ቁጥር የሚነዘንዝዎ ወገብዎስ ተሻለው? እናቴስ ደህና ናት? ወንድሜስ፣ ሚስቱስ፣ ትንሿ ልጃቸውስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ከእናንተ በቀር የጎደለኝ የለም። ፊደሉን ያገዘፍኩት የእናቴን መነጽር ሳይዋሱ እንዲያነቡት ብዬ ነው። መነጽሯን ሲወስዱባት የምትልዎትን እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ።

የስልክ ሱቅ ሠራተኛ ሆና በወረቀት ታወራለች ብለው ሳይስቁብኝ አይቀሩም። ለወንድሜ ደውዬ ብነግረው ያደርስልኝ ነበር፤ ግን እሱን ያውቁታል፣ ዐሥሩን ቃል ሁለት አድርጎ ነው የሚያደርሰው። ይህን ነገር ደግሞ ከእኔው ከራሴ እንዲሰሙት ፈለግሁ።

አባባ፣ የድሮዋ ስልክዎ ትዝ ትለኛለች። ያቺ ባለ ቁልፏ፣ ክዳኗ እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረችው። ምሳ ሰዓት ላይ መዶሻዎን አስቀምጠው አንዴ ይደውሉና ይዘጋሉ፤ እኔም አላነሳም። ደህና ነኝ ማለትዎ ነበር። ሁለቴ ከጠራች ደግሞ መልሰሽ ደውዪልኝ ማለት ነው። መቼ እንደተስማማንበት እንኳ አላስታውስም። የሥራ ባልደረቦቼ ስልኬ ጠርታ ዝም ስትል ለምን አታነሺም ይሉኛል፤ ተነጋግረን ጨረስን እላቸው ነበር። ሚስኮል ብቻ ሆኖ እንደዚያ ሆድ የሚሞላ ወሬ ከየት ይገኛል?

ከዚያ እኔ ብልጧ ለአባቴ ደህና ስልክ ልላክላቸው አልኩ። ፊቴን የሚያዩበት፣ ፎቶ የሚቀበሉበት፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ። ሳሩን አየሁ እንጂ ገደሉን አላየሁም። የድሮዋንም ለጎረቤት ሰጣችኋት። ከዚያ ወዲህ ያቺ የምሳ ሰዓት ጥሪ ጠፋች። ወንድሜ በቪዲዮ ሲያገናኘን እርስዎ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ይቀመጡና ደህና ነን፣ ደህና ነን ብለው ስልኩን ለእናቴ ያቀብሏታል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ አልመጣም ማለቴ አስቀይሞዎት ነው፣ ተቆጥተውኛል ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ምሳዬን ስበላ ስልኬን ሰሃኑ አጠገብ አስቀምጬ አያታለሁ፤ እንደ ግንብ ዝም።

ወንድሜን ብጠይቀው ስልኩ አቅም ስለሌለው ነው፣ ዘንድሮ የወጣውን ኃይለኛውን ላኪለት አለኝ። እውነት መሰለኝ። እኔስ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይህንኑ አይደል? አለቃችንን በሌለበት ጨምሩበት ነው የምንለው። ማንም ምን ሊገዛ ቢመጣ፣ ትንሽ ጨምሩበትና የተሻለውን ውሰዱ ሳይል አይሸኝም። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረውን ከልቡ ያምንበታል። የሚገርመው ግን እሱ ራሱ ኪሱ የሚይዛት ስልክ የእርስዎን የድሮዋን የምትመስል ናት። ለምን ብንለው፣ ባትሪዋ ሳምንት ይቆይልኛል፣ ደውዬ ከመዝጋት ሌላ ምን ልሠራባት ነው አለን። ብቻ እኔ ኃይለኛውን ስልክ ገዝቼ በካርቶን አሽጌ፣ ወደ እናንተ የሚመጣ መንገደኛ እየጠበቅሁ ነበር።

በቀደም አንድ ሽማግሌ አናጢ ወደ ሱቁ መጡ። የመጀመሪያው ስልክ አልሠራልኝም ብለው ሲመለሱ አለቃችን ጨምሩበት፣ አቅሙ አንሶ ነው ብሎ ከፍ ያለውን ሰጥቷቸው ነበር። ያም አልሆነላቸውም። አሁን ከሁሉ የበለጠውን ሊያሸክማቸው ሲል ሌላ ደንበኛ ጠራውና እኔ ተቀበልኳቸው። ስልኩን ነካ ነካ አደረግሁት፤ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። እስቲ እርስዎ ይሞክሩት አልኳቸው። ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መስታወቱን ጠርጌ ሰጠኋቸው፣ ደገሙት፤ ወይ ፍንክች! ሽማግሌው ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ ዕድሜ ልኬን እንጨት ሲታዘዘኝ ኖሮ ይሄ መስታወት ግን አላውቅህም አለኝ አሉኝ።

እናቴ ባለፈው፣ አባትሽ ይሄ ዕቃ አላወቀኝም ይላል ብላ ስትስቅ እኔም አብሬያት ስቄ ነበር። የአናጢውን እጅ ይዤ ጣታቸውን ሳየው ሳቄ ትዝ አለኝ። የደደረ፣ የደረቀ፣ ጫፉ እንደ ቀንድ የጠነከረ ጣት። አባባ፣ የእርስዎን እጅ የያዝኩ መሰለኝና እዚያው ደንበኛ ፊት ዕንባዬ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ መስታወቶች የሚሰማቸው ለስለስ ያለ፣ ወዝ ያለው ቆዳ ነው። እንደ እርስዎ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረን ጣት ብዙ ጊዜ ከእንጨት አይለዩትም። ኃይል ቢጨመርበት፣ ካሜራ ቢደረደርበት፣ መስታወቱ ያው መስታወት ነው። እኔ ይህን በሥራዬ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ስልኩ ደከመ እንጂ የማን እጅ ላይ ነው ያለው ብዬ አላሰብኩም። በነጋታው እናቴን ጠየቅኋት። ምሳ ሰዓት ላይ ያወጣውና በጣቱ ሲጠነቁለው ቆይቶ መልሶ ኪሱ ይከተዋል፤ ልጄ የላከችውን አላማም ብሎ ነው ዝም ያለው አለችኝ። ምነው አባባ! ቢያሙት ምን ነበረበት? ተቆጥተውኛል ብዬ ስብሰለሰል እርስዎ ለካ በየቀኑ ሲደውሉልኝ ኖረዋል።

ኃይለኛ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳይመስልዎት። አንዲት መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ደንበኛ አለችን። ከእህቷ ጋር የምታወራው በእጇ ምልክት ነው። በአሮጌው ስልክ ጣቶቿ ይደበዝዙና ቃሉ መሃል ላይ ይጠፋባት ነበር። አዲሱን ይዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ ስትሞክረው እህቷ ምን እንዳለቻት እንጃ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ለእሷ ሲያንስባት ነው። ብዙው ሰው ግን እንደ እኔ ነው፤ ምን ያህል ይችላል ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ላደርግበት ነው አይልም። እኔም ብሆን ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሜ ስንቱን እንዲህ ሸኝቼዋለሁ። አሁን ሰው ሲመጣ ከሁሉ በፊት ለማን ነው እላለሁ። ጨምሩበት እንዲህ ከሸጥንማ በሩን እንዝጋው እያለ ያጉረመርማል፤ እስካሁን ግን አላባረረኝም።

እንግዲህ ካርቶኑን ፈትቼዋለሁ። ኃይለኛውን ለሱቁ መልሼ ይህችን ባለ ቁልፍ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። አምስት ቁጥር ላይ እንደ ጠጠር ጎላ ያለች ነጥብ አለች፤ ሳያዩ በጣትዎ ያገኟታል። እሷን ጫን አድርገው ቢይዟት በቀጥታ እኔ ጋ ትደውላለች። ላስቲክም አብሬ ልኬያለሁ፣ መቼም ያስሩባታል። ያኛው የመስታወቱ ስልክ የቤት ይሁን፤ እናቴ ፊቴን ትይበት፣ ከስቻለሁ ብላም ትቆጣኝ። ወንድሜ ደግሞ ኃይለኛው ስልክ በመቅረቱ እንዳይቀየመኝ። ለአባባ ላኪ ሲለኝ ዓይኑ ለማን እንደነበረ አላጣሁትም።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ በመነጽሯም አንድ ቀን እንኳ በሰላም ትዋል። ወንድሜን ከነፉከራው፣ ሚስቱን ከነትዕግሥቷ ሰላም ይበሉልኝ። ትንሿን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የአያቷን ስልክ ግን እንዳትነካ። የድሮዋን ስልክ ለወሰዱት ጎረቤታችንም ሰላምታዬ ይድረስ፤ በደህና ይጠቀሙባት።

አባባ፣ አልመጣም ማለቴ በእውነት አስቀይሞዎት ከሆነ ሁለቴ ያስጠሩልኝ፤ ሥራዬን ጥዬ እደውልና የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ። ደህና ከሆኑ ግን አንዴ ትጥራና ትቁም። ስልኬን ድምፅዋን ከፍ አድርጌ ሰሃኑ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። አላነሳትም።

ናፋቂ ልጅዎ

ከሱቁ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን