ዳንቴል የለበሰው ሞኒተርና የጠፋው ማሳዬ

ለክቡር አቶ ሽታሁን፣
የቀበሌያችን የመሬት ምዝገባ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና አዲሱ ሞኒተርዎ እንደምን አሉ? እኔ ጡረተኛዋ መምህርት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ያልሆነው ማሳዬ ነው። አባቴ ያወረሰኝ፣ ዘንድሮም ጤፍ የዘራሁበት ማሳ በእርስዎ ስክሪን ላይ የወል ግጦሽ ሆኖ ስለተገኘ ሰኞ ከብት ይገባበታል ተብያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ግን ላሞቹ በምድር፣ ማሳው በሰማይ ሆነብኝ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ሞኒተሩን ከሞጣ ሲያስመጡ እንደ ሰንጋ በቁመናው መርጠውታል። ሠላሳ ሁለት ኢንች መሆኑን እስከ ቢቸና ያሉ ሰዎች ሰምተው ተደስተውልናል። ነገር ግን የስክሪን ጥራት ምስሉን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ጭምር ይለካል። ጥቂት ነጥብ በሰፊ ስክሪን ላይ ማለት አንድ ዕፍኝ ጤፍ በትልቅ አውድማ ላይ መበተን ነውና ድንበሬ የደረጃ መወጣጫ መስሎ ይታያል።

፪ኛ. እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ካርታውን ያያሉ። አንዳንድ ስክሪን ከጎን ሲያዩት ይጠቁራልና በጎን የምንቆም ባለጉዳዮች የምናየው ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ አስተምሬያለሁ፤ ምንም የማይታይበትን ሰሌዳ አንብበው ይፈርሙ ያሉኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

፫ኛ. ከፋብሪካ ተለጥፎ የመጣው ላስቲክ እስካሁን አልተላጠም። ዕቃን አዲስ እንደሆነ ማቆየትዎ ያስመሰግናል፤ የእኔም ሶፋ እንደዚያው ነው። ሆኖም ከአየር በተነሣው ካርታ ላይ የግል ማሳ ቢጫ፣ የወል ግጦሽ አረንጓዴ ሲሆን፣ በሰማያዊው ላስቲክ ሥር ሁለቱም አረንጓዴ ሆነዋል። ማሳዬን ለከብት የሰጠው ይኸው ላስቲክ ነው።

፬ኛ. ባለቤትዎ ወይዘሮ ባንቺዓለም ለሞኒተሩ የሠሩለት ዳንቴል እጅግ ያምራል፤ እጃቸው ይባረክ። ካርታው ላይ ግን እኛ የሰሜን ጎጥ ነዋሪዎች ከሐምሌ ጀምሮ የምንኖረው ከላይ ከተንጠለጠለው የዳንቴሉ ዘርፍ ሥር ነው።

ስለ ሦስት ወር ምልልሴ፣ ስላስጎበኙኝም አግዳሚ ወንበር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለላስቲኩም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

በስክሪንዎ ላይ የሌለችው፣ በማሳዋ ላይ ግን ያለችው፣
ይርጋነሽ ስጦታው

የተረሳ ነገር፦ ሐሙስ ዕለት ለሻይ ሲወጡ ዳንቴሉን ገልጬ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሬ ላጥ አድርጌ ነበር፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ማሳዬ ቢጫ ሆኖ ወጣ። የእርስዎ አዲሱ አጥር ደግሞ አረንጓዴው ውስጥ አርባ እርምጃ ያህል ገብቶ አየሁት። ሰኞ ከብቶቹን ወዴት እንደሚነዱ ለእረኞቹ ነግሬያቸዋለሁ።