የቀሐ አምፖሎችና የጋለው ሽቦ

ዓርብ፣ ጥር 8

አመሻሽ ላይ ለኤሌክትሪክ ሥራ ቀሐ ሰፈር ሄጄ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር የጥምቀቱን የመንገድ መብራት ሞከርን። ብዙም ሳይቆይ የመመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ጋለ፤ ላስቲኩ ሸተተኝ። አጠፋሁት።

የሰፈሩን ጌጥ የሚያስተባብሩት አያ ታደሰ ተቆጡ። «ምነው ልጄ! እነዚህ እኮ ትንሽ ነው የሚበሉት። በየዓመቱ አምፖል የምንጨምረው ለዚሁ አይደል?»

መብላቱንስ ትንሽ ነው የሚበሉት። ግን እነዚህ ርካሽ አምፖሎች ኤሌክትሪኩን እየቆራረጡ ነው የሚስቡት። የድሮዎቹ ወደ ሰፈሩ በሚገቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች እኩል ከተከፈሉ፣ የሦስቱ ጅረት በጋራ መመለሻቸው ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋ ነበር። የእነዚህ ቁርጥራጭ ግን አይጠፋፋም፤ እዚያው ይደመራል። መመለሻው ግሎ ከተበጠሰ ደግሞ ቮልቴጁ በአንዳንዱ ቤት ከልክ በላይ ወጥቶ የሰፈሩ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይቃጠላል።

ይህን ሁሉ አስረዳኋቸውና «ግማሹ ይውረድ» አልኩ።

«የማን ደጅ ይጨልም?» አሉኝ።

ለዚህ መለኪያ የለኝም።

መሰላላቸውን አንስተው ወደ ራሳቸው ደጅ ሄዱ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ እሳቸው አምፖሎቹን አወረዱ። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው ያዩናል። ወደ ቤቴ እስክመለስ ድረስ ከሌላ ደጅ መሰላል አልወጣም።