ከዱባይ ያዘዝኩት ቦርድ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፤ ጠዋት 1፡30

ትልቁ ማተሚያ አሁንም አይነሳም። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትልና ድርግም። ትንሹ ማተሚያ እያቃሰተ ይሠራል፤ በእሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ማተም ግን ቀልድ ነው። ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲው በር ቁልቁል ይመጣሉ፣ ትልቁ ማሽን ላይ የጣልኩትን ጨርቅ ያያሉ፣ ወደ ማዶው ሱቅ ይሻገራሉ። ሰላም እንኳ አይሉም።

ልንገርህ፣ ደብተር፤ የተቃጠለው ፓወር ቦርዱ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ቦርዱን በልቶት ቁጭ።

ሰናይት መሀል ከተማ ወርደህ ግዛ ትለኛለች። ሚስት ናት፣ ትበል። አልገዛም። ባለፈው ከዚያ የገዛሁት ቶነር የተማሪውን ገጽ ሁሉ አመድ አስመስሎ አሰደበኝ። ልመልስ ስሄድ ሰውዬው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን አሳየኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ሌባ ሕጉን ለጥፎ የሚሰርቅበት ሌላ አገር አለ?

ወይንሸት ዱባይ ናት። እሷ ታመጣዋለች። አለቀ።

ማክሰኞ፣ አመሻሽ

አላለቀም። ወይንሸት በምንኖርበት ኪዋቱሌ ሰፈር ጎረቤታችን ናት። ልብስና ስልክ ለማምጣት ዱባይ ትመላለሳለች፤ ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሻንጣዋ ውስጥ ድርሻ ያለው ይመስለዋል። ዛሬ የቦርድ ፎቶ ላከች። ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው ፊደል ሌላ ናት፤ አይሆንም አልኩ። ሌላ ላከች። የፋብሪካው ስም ጽሑፍ ተንሻፏል፤ ፎርጅድ ነው፤ አይሆንም አልኩ። ድምፅ ላከችልኝ፦ «ኢንጂነር፣ ሰናይትንም እንዲህ አገላብጠህ አይተህ ነው ያገባሃት?» ከኋላ ሻጩ ሲስቅ ይሰማል። አማርኛ ይገባዋል እንዴ?

ሻጩ ትክክለኛው ሰኞ ይገባል ብሏታል። የራሷን ዕቃ ጨርሳለች። ያለ ቦርዱ ብመጣ አትለቀኝም አለች። አልለቃትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቦዳዎች፣ የታክሲ ሞተሮቹ፣ ሲጋፉ አያለሁ። ተመልሼ የማይሠራውን ማሽን እወለውላለሁ።

ሰናይት ምሳ ይዛ መጣች። ጾም ነው፤ ሽሮ። እየበላሁ ተጣላን። እሷ የምትለው፦ መሀል ከተማ ያለውም ከዱባይ የመጣ ነው፤ አንድ መርከብ ላይ ነው የተጫነው፤ አንተ የምትከፍለው ለርቀቱ ነው። እኔ የምለው፦ የምከፍለው የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። እዚያ ደረሰኝ አለ፣ ዋስትና አለ። እዚህ ሻጩ ዛሬ ያለበት ሱቅ ነገ ፀጉር ቤት ሆኖ ይጠብቅሃል። እሷ፦ የዱባዩ ዋስትና ካምፓላ ድረስ መጥቶ ሊጠግንልህ ነው? መልስ ነበረኝ። ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5፤ 11 ሰዓት

ጋሽ ተኽለ ሱቄ መጡ። ካባላጋላ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤታቸውን ጥለው የትም የማይሄዱ ሰው ናቸው፤ ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያኔ ገባኝ።

የወይንሸት ወንድም ግርማ ጁባ ላይ አረፈ። ወባ ነው አሉ። ዛሬውኑ እዚያ ያሉ ወገኖች ቀበሩት።

ግርማ እኮ! ሁለቴ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቴም ዳማ አሸንፎኝ ጠጠሮቹን እየሰበሰበ ያፏጭ ነበር። ሌላ ወንድም የላትም።

ወይንሸት አታውቅም። በስልክ አይነገራትም፤ ባዕድ አገር፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን። ትመጣለች፣ ቤቷ ትገባለች፣ ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሄደው መርዶውን ይነግሯታል፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይኖራል። ጋሽ ተኽለ የሚፈሩት ፌስቡክን ነው። አንዱ ጎረምሳ ፎቶውን ከሻማ ጋር ይለጥፍና ያልቃል። የጁባዎቹን እስከ ሰኞ ዝም በሉ ብለው ለምነዋል።

ዱባይ የያዛት የኔ ቦርድ ብቻ መሆኑን ሰምተዋል። ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ በትግርኛቸው የወንድሜ ልጅ ብለው፦ «ያሰርካት አንተ ነህ፣ ወዲ ሓወይ። ፍታት።»

ዓርብ፣ ሰኔ 6፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ደወልኩ። ድምፄን ሳልለውጥ፣ አጭር አድርጌ። ቦርዱን ተይው፣ ግድ የለም፣ ነይ አልኳት።

እሷም፦ «ማን ሞተ?»

በአንድ ዓረፍተ ነገር! ለተንሻፈፈ ጽሑፍ ዕቃ የምመልስ ሰው ግድ የለም ካልኩ የሆነ ሰው መሞት አለበት። ምን ልበል? ተቆጣሁ፤ የማውቀው እሱን ነው። ሟርተኛ አልኳት። እዚሁ ገዛሁ፣ መሀል ከተማ አገኘሁ አልኳት።

«አንተ? ከዚያ?»

አዎ ከዚያ።

«ፎቶ ላክልኝ።» ዘጋችው።

ቦርድ የለኝም፣ ደብተር። ዋሸሁ፤ ውሸቱ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። ቦዳ ጠራሁ።

ዓርብ፤ 9 ሰዓት

ተመልሻለሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ማንኛውንም ቦርድ ፎቶ አንስቼ መላክ አልችልም። ምን ምን እንደሚታይ ራሴ ነኝ ያስተማርኳት፤ ቁጥሩን፣ ፊደሉን፣ ብየዳውን። ስለዚህ ፎቅ ለፎቅ፣ ሱቅ ለሱቅ። ደረጃው ላይ ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሻጭ የሌላ ማሽን ቦርድ አውጥቶ ያው ነው ይለኛል። ያው አይደለም አልኩት። ሁለተኛው ቁጥሩን በእስክሪብቶ አስተካክሎታል! በእስክሪብቶ! ጮህኩበት። «ቀስ በል፣ ሴቦ፣ ልብህ ይቆማል፤ የልብ መለዋወጫ አልሸጥም» አለኝ በእንግሊዝኛ፤ ሴቦ እዚህ ጌታዬ ማለት ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ይሳቁ እንጂ እኔ የምሽቀዳደመው ከጁባ ጎረምሶች ጋር መሆኑን የት ያውቃሉ። በየደረጃው ስልኬን አወጣለሁ፤ ሻማ ተለጥፎ እንደሆነ አያለሁ። የለም። እቀጥላለሁ።

ጥግ ላይ ያለች አንዲት ሴት ጋ አገኘሁት። ቁጥሩ ልክ፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ። ኦሪጅናል ነው? ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ሴትዮዋ ራሷ ደነገጠች።

ፎቶውን ላክሁ፤ ከፊት፣ ከኋላ። ጠበቅሁ። ድምፅ መጣ፤ እየሳቀች ናት፦ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ኢንጂነር! ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረህ ካምፓላ የገባኸው ገና ዛሬ ነው!» ቲኬቷን ለእሑድ አዛወረች።

ሳቋን ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛ መስማት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7፤ ረፋድ

ቦርዱን ገጠምኩ። ይሠራል። አላምነውም። እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ሙቀቱን እለካለሁ። ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ሰላም ማለትም ጀመሩ።

ጋሽ ተኽለ ደወሉ። ነገ ከኢንቴቤ አየር ማረፊያ ማን ይቀበላታል? ሴቶቹ ገና ሲያዩዋት ያለቅሳሉ። የሁልጊዜ ታክሲዋ ብቻውን ከመጣ በመንገድ አንዱ ደውሎ እግዜር ያጥናሽ ይላታል። ስለዚህ አንተ ሂድ። ለምን እኔ? ፊትህ ሁልጊዜ የተቆጣ ነው፣ ምንም አይነበብበትም አሉኝ። ሽማግሌ ባይሆኑ መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሰናይት ላይ ጮህኩ። አንድ ጊዜ ዋሸሁ፣ ይበቃል አልኩ። ከኢንቴቤ እስከ ኪዋቱሌ አጠገቤ አስቀምጬ ልዋሻት? የተማረች ነጋዴ ናት፣ ሕፃን አይደለችም፤ የራሷ ወንድም ነው፣ ከእኛ ሁሉ በፊት የማወቅ መብት አላት። ባህል ባህል እያልን ሰው ማታለል!

ሰናይት ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል ነገረችኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የአባቷን ሞት በስልክ ነው የሰማችው። ካውያው በእጇ ነበር። አስቀመጠችው፣ እመቤቲቱ ጋ ሄዳ ለማልቀስ ፈቃድ ጠየቀች። እመቤቲቱ መጀመሪያ ሸሚዙን ጨርሺ አለቻት። ጨረሰች።

ስንት ዓመት አብረን ኖርን። ይህን አልነገረችኝም። ወይ እኔ ነኝ እንድትነግረኝ ፋታ ያልሰጠኋት።

ነገ እሄዳለሁ። እንዴት እንደምሆን አላውቅም።

እሑድ፣ ሰኔ 8፤ ረፋድ

ከቅዳሴ ተመለስኩ። ምንም አልሰማሁም፤ እግሬ አንድ ቦታ አይቆምም። ፌስቡክ ላይ ሻማ የለም። የመኪናዬ ዘይት ታየ፣ ጎማው ታየ፣ ደግሞ ታየ።

ወይንሸት ከዱባይ ጻፈች። አውሮፕላኑ ውስጥ ልትገባ ነው፤ ማን ነው የሚቀበለኝ?

እኔ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል።

እንደላክሁት ደነገጥኩ። እኔ ማንንም ከኢንቴቤ ተቀብዬ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንኳ በታክሲ ነው የገባው፤ ወይንሸት ስትቀልድብኝ ኖራለች። አነበበችው። ስልኩ እየጻፈች ነው ይላል፤ ይጠፋል፤ እየጻፈች ነው ይላል። በመጨረሻ መጣ፦

«እሺ። ቤቴ እስክገባ ግን አትንገረኝ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ስልኳን አጠፋች። አሁን ሰማይ ላይ ናት።

እሑድ፤ 7 ሰዓት

ጋሽ ተኽለ ደወሉ፤ ሁሉም ደህና ነው ወይ? ደህና ነው አልኳቸው። ምንም አታውቅም አልኳቸው። ለሰናይትም አልነገርኳትም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ እሷም ትከፍታለች፤ የምትወድቅበት ሰው ይኖራታል።

መንገዱን ሁሉ በቦርዱ ዋጋ እጨቃጨቃታለሁ። ተታልለሃል ትበለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እከራከራታለሁ፤ ከፈለገች ትሳቅ፣ ከፈለገች በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመልከት። የመኪናው ጃም ሳይጀምር ልውጣ።