አውቶቡስ የማይሳፈሩት ኳስ ወርዋሪ፦ የአቶ ተክለአብ ሉተር ጌይንስ የሕይወት ታሪክ

ማክሰኞ ኖቬምበር 8 ቀን 1994 ጠዋት አቶ ተክለአብ በለንደን፣ በዊልስደን ሰፈር ቤታቸው ሲያርፉ አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ፣ ልጃቸው ዲና እና የባለቤታቸው ወንድም ልጅ ዐቢይ ናቸው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ተክለአብ ከአባታቸው ከአቶ አሞስ ጌይንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮራ በ1918 በአሜሪካ አገር፣ በጆርጂያ ግዛት ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርት አቁመው አባታቸውን በጥጥ ለቀማ ረዱ። ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ስለነበሩ፣ በሃያ ዓመታቸው አንድ የጥቁሮች ክለብ ቀጠራቸው። በዚያ ዘመን የነጮች ክለቦች ጥቁር አያጫውቱም ነበር። የጥቁሮቹ ክለብ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይጫወታል፤ ሆቴል ስለማይቀበላቸው የሚበሉትም የሚተኙትም አውቶቡስ ውስጥ ነበር። የክለቡ ባለቤት ሰው እንዲመጣለት የእርሳቸውን ስም በየከተማው አስቀድሞ ያስለጥፋል። ስማቸው ከተለጠፈ ክንዳቸው ቢያብጥም ይወረውራሉ። እምቢ ያለ ተጫዋች እዚያው መንገድ ላይ ይወርዳል።

በ1947 የነጮቹ ክለቦች በራቸውን መክፈት ጀመሩ። የአንዱ ክለብ መልማይ እሑድ ሊያያቸው ቀጠሮ ያዘ። ቅዳሜ ግን በሌላ ከተማ ስማቸው ተለጥፎ ነበር። አንድ ቀን እንዲያሳርፋቸው የክለቡን ባለቤት ለመኑት። «ወይ ወርውር፣ ወይ ውረድ» አላቸው። ወረወሩ። እሑድ ቀኝ ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ አልነሣ አለ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልተነሣም። መልማዩ ሌላ ልጅ መርጦ ሄደ። እርሳቸው መሄጃ ስላልነበራቸው በዚያው አውቶቡስ የተጫዋቾቹን ሻንጣ እየጫኑ፣ ሲበላሽም ሞተሩን መጠገን እየተማሩ ሦስት ዓመት ቆዩ።

በ1951 የመኪና ጥገና አስተማሪ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። እስከዚያ ሉተር ይባሉ የነበሩት ተጠምቀው ተክለአብ ተባሉ፤ በ1953 ወይዘሮ እታለማሁን አግብተው ዲናን ወለዱ። በ1977 አሜሪካዊ በመሆናቸው ተጠርጥረው ስምንት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ከቤተሰባቸው ጋር ለንደን ገብተው፣ አቅማቸው እስኪደክም በፓርክ ሮያል በአንድ የዳቦ መጋዘን ሠሩ። ከዊልስደን በዝናብም በበረዶም በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ለምን ወደ አገራቸው እንደማይመለሱ ሲጠየቁ «እዚያ አውቶቡሱ አለ» ብለው ያልፉት ነበር።

ባለፈው ዓመት በለንደን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ባዩ ሊያከብሯቸው አስበው፣ ሳያማክሯቸው፣ «ታላቁ ኳስ ወርዋሪ በስፖርት ቀናችን ይወረውሩልናል» የሚል ማስታወቂያ በካሌዶኒያን ሮድ ካፌዎች ለጠፉ። ሕዝቡ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ፓርክ ሲጠብቅ አቶ ተክለአብ ቀሩ። «አሜሪካዊነታቸው ተነሣባቸው እንዴ?» ብሎ የቀለደ ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ ተቆጥተው ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ ስማቸው ተለጥፎ ክንዳቸው እንዴት እንደተጎዳ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯቸው። በማግስቱ ማንም በሌለበት ሁለቱ ፓርኩ ሄዱ። ወይዘሮ እታለማሁ ኳሱን የሚቀልቡበት ትራስ ይዘው ቆሙ፤ እርሳቸው በግራ እጃቸው ወረወሩ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» እንዳሏቸው ወይዘሮ እታለማሁ እስከ ዛሬ ያነሣሉ። ከዚያ ወዲህ ደስ ባላቸው ቀን ብቻ ይወረውሩ ነበር።

በዚህ ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸው። የሕንፃው ሊፍት ስለተበላሸ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አቅቷቸው፣ ፓርኩን በመስኮት ሲያዩ ከርመው በተወለዱ በ76 ዓመታቸው አረፉ። የአንድ ልጅ አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውረድ የሚል በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታት ይስጥ።

አቶ ባዩ ይህን ታሪክ ትናንት በለቅሶ ቤት ሰሙ። ለለቀስተኛው የተከራዩትን አውቶቡስ መልሰዋል። እስከ መቃብሩ በእግር እንሄዳለን።