ሲሶው የልጅቱ ነው

ሐሙስ፣ የታኅሣሥ ሚካኤል ማግስት

ሲሶው ይቆረጥበት አሉ! ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ሲመክሩ ውለው ይህን ፈረዱ። ባሌ ይሁኔ ጣሊያን በሚያሠራው መንገድ ድንጋይ ፈልጦ ከሚያገኘው ደመወዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሲሶው ለትጓደድ ልጅ። ልጅቱ የይሁኔ ናት፤ እኔን ከማግባቱ በፊት ከትጓደድ የወለዳት። ይህን አልክድም። ግንባሯን ያየ ሊክድ አይችልም።

ግን እኔስ? እኔም ደረቱን ሲያፍነው የሚያድር ሕፃን ታቅፌአለሁ። አማቴ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሰውየው አንድ፣ ደመወዙ አንድ፣ የሚበላው አፍ ግን ብዙ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እህል በተወቃ ቁጥር ትጓደድ ቁናዋን ይዛ አውድማው ላይ ትመጣለች፤ ምርቱ ጎተራ ሳይገባ የልጅቱን ድርሻ ሰፍራ ትሄዳለች። ወጉ ነው፣ ማንም ምንም አይላትም። ዘንድሮ በሬዎቻችንን ወታደር አርዶ በላቸው፤ ይሁኔም እርሻውን ትቶ ቡሬ ወረደ። አውድማ የለ፣ ምርት የለ።

ፊደል ያስቆጠሩኝን አጎቴን፣ አለቃን፣ "ይህ ፍትሕ ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከፈራጆቹ አንዱ ነበሩና ተቆጡ። "አባት ልጁን ያብላ ነው ሕጉ። ከእርሻ ሲሆን ያብላ፣ ከደመወዝ ሲሆን ይተው አይልም። ሆደ ሰፊ ሁኝ እንጅ፣ አንች ልጅ!" አሉኝ።

ይሁኔ ማታ ሲሰማ ሳቀ። "ገንዘቡ የጣሊያን፣ የሚከፈልበት ጠረጴዛ የጣሊያን። የሽማግሌ ቃል እዚያ አይደርስም" አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ዓርብ

ወንዝ ወርጄ ትጓደድን ከነልጇ አገኘኋት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። "ነገ ቡሬ እወርዳለሁ። የልጄን ድርሻ እዚያው እቀበላለሁ" አለችኝ።

"የጣሊያን ጠረጴዛ አውድማ መሰለሽ?" አልኋት።

"የሱ አውድማ ዘንድሮ ወዴት ነው ታዲያ? አንች ንገሪኛ!"

እንስራዬን ሞላሁ። ልጅቱ፣ ገነት ትባላለች፣ እንስራዬን ልታሸክመኝ እጇን ዘረጋች። ትከሻዬን አዙሬ ለብቻዬ ተሸከምሁ። ጀርባዬን እስካሁን ያመኛል።

ቅዳሜ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ይሁኔ ደመወዙን አረቄ ቤት ሳያደርሰው ልቀበለው ብዬ ልጄን አዝዬ ቡሬ ወርጄ ነበር። ሠራተኛው ተሰልፏል። አስተርጓሚው ስም ይጠራል፣ ጣሊያኑ ይከፍላል። ይሁኔ ገንዘቡን ጨብጦ ዘወር ሲል ትጓደድ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። በእኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፤ የተቋጠረ ሰው አያመልጥም፣ ነውር ነው።

"የልጄ አውድማ ይኸ ነው! ሲሶዋን ስጣት!" አለችው።

ይሁኔ ነውሩንም ረሳው። ሲጎትታት ወደቀች። ያኔ ጮኸች።

"በጃንሆይ አምላክ! ቁም!"

ድሮ የተበደለ ሰው ሁሉ የሚጮኸው ይህንኑ ነበር። ልማድ ሆኖባት ከአፏ አመለጣት እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም። ይሁኔ ቆመ። እሱ ብቻ በቆመ! ሰልፉ በሙሉ ቆመ። መንገዱ ላይ ገና የሚሠራውም፣ አካፋ ያነሣው አካፋውን እንዳነሣ፣ ድንጋይ የተሸከመው እንደተሸከመ ቀጥ አለ። እኔም ቆምሁ። ከመቆማችን በፊት ማናችንም አላሰብንም።

ጣሊያኑ ፊቱ ቀላ። ይህን ሁሉ ሰው ምን እንዳቆመው አስተርጓሚውን ጠየቀው። የተሰደደው ንጉሥ ስም ነው ተባለ። አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ ቋጠሮውን በሳንጃ በጥሰው ትጓደድን ወደ ጣሊያን ምሽግ ወሰዷት።

ይሁኔ ደመወዙን ሳይጎድል ሰጠኝ። ተቀበልሁት። ገነት ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ቀርታ ነበር። ዘመድ የላቸውም፤ ማን ይውሰዳት? እጇን ይዤ መጣሁ።

እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

ቤተ ክርስቲያን ስለ ትጓደድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነሣ ሰው የለም። ሁሉም ሹክሹክታ ነው።

አስተርጓሚው በአጎቴ በኩል ቃል ላከ። ማክሰኞ በካሚዮን ወደ ደብረ ማርቆስ ሊጭኗት ነው። ለአርበኞቹ ምልክት የሰጠች ናት ብለዋል። እዚያ ከተወሰዱት የተመለሰ ሰው አላየሁም። ይሁኔ ቀርቦ "የልጄ እናት ናት፤ የጠየቀችኝ የልጅ ቀለብ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም" ብሎ ቢመሰክር ይለቋት ይሆናል። ግን እሱስ አንተ ለምን ቆምህ አይባልም?

"አትሂድ" አልሁት። "ልጅህን ያለ አባት ልታስቀረው ነው?" አልሁት። የትኛውን ልጅ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እሳቱን ይቆሰቁሳል።

ሰኞ

ገነት ከመጣች እህል አልቀመሰችም። ዛሬ ጠዋት ሽሮ አቅርቤላት አንዴ ቀምሳ ተወችው። ከዚያ ልጄን ሲያለቅስ አንሥታ እሽሩሩ ትለው ጀመር፤ እሱም ዝም አለላት። ዞር ብላ፣

"እማ ስትመጣ ይኸን ቤት ታውቀዋለች?" አለችኝ።

ወጥቼ ከበረቱ ኋላ አለቀስሁ። በትጓደድ ልቤ ቆስሎ ነበር፤ ዛሬም አልሻረም። ግን ከሲሶው ልትርቅልኝ ፈለግሁ እንጂ እንድትሞት አልፈለግሁም።

ገብቼ ይሁኔን "ሂድ" አልሁት።

"ትናንት አትሂድ ያልሽው ማነሽ?"

"እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ሂድ እላለሁ።"

"ቢያስሩኝስ?"

ልጁ ሲያስል ሁለታችንም ሰማን። አማቴ ከመደቡ ላይ "ዕዳህን አምነህ ብትታሰር አላፍርብህም" አሉት። ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመሽ ተመለሰ። "ነገ አብረን እንሂድ" አለኝ።

ማክሰኞ

ሄድን። አጎቴ፣ ይሁኔ፣ እኔ ከነልጄ። ገነትን አማቴ ዘንድ ተውናት።

የምሽጉ ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ይሁኔ ፊቱ ቀርቦ ቆመ። "ዕዳ አለብኝ። የልጄን ቀለብ ከልክያት ነው የጮኸችብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም። አጎቴም የሽማግሌዎቹን ፍርድ አስረዱ። "ቃሉ የቆየ የክስ ቃል ነው፤ ሴትዮዋ የጠራችው ዳኛ ነው፣ ጦር አይደለም" አሉ።

ሹሙ አዳመጠ፤ ደጋግሞ ጠየቀ። ሲሶ ማለት ምን ያህል እንደሆነ በጣቱ ከፍሎ አሳየ። ፈገግም አለ። ልትፈታ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

አስተርጓሚው ቀና ብሎ ሳያየን ተረጎመ።

"ፍርዱ መልካም ነው ይላሉ። መንግሥታቸው ሕፃን አያስርብም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሲሶው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይቆረጣል። አንተም ወደ ሥራህ ተመለስ። ሴትዮዋ ግን ለጮኸችው ትሄዳለች።"

አጎቴ መሬት ላይ ወድቀው ለመኑ። አስካሪዎቹ አንሥተው አስወጧቸው። ያን ሽማግሌ፣ ያን ሊቅ!

ካሚዮኑ ሲወጣ ትጓደድ ከኋላ ተቀምጣ አየናት። ይሁኔ እየሮጠ "ሲሶው ተፈቅዷል! ለገነት ተፈቅዷል!" እያለ ጮኸ። እኔም "እኔ ዘንድ ናት!" አልሁ። መስማቷን አላውቅም። አቧራው ጋረዳት።

ረቡዕ፣ ገብርኤል

ከጅጋ የመጣ ነጋዴ ካሚዮኑ ትናንት በዚያ ሲያልፍ አይቷል። ሳይቆም አለፈ አለ። ሌላ የሚያውቀው የለም።

ለገነት "እናትሽ ሩቅ አገር ሄደች" አልኋት። "ሲሶውን ልታመጣ?" አለችኝ።

ቅዳሜ

የይሁኔ ስም ተጠራ። ጣሊያኑ ገንዘቡን ቆጥሮ ከሦስት ከፈለው፤ ሁለቱን እጅ ለይሁኔ ሰጠ፣ አንዱን ጠረጴዛው ዳር ላይ አስቀመጠ። አስተርጓሚው "የልጅቱን የሚቀበል ማነው?" አለ።

ማንም የለም። ሰልፉ ሁሉ እኔን ያያል። ገነት ቀሚሴን ይዛለች። እጄን ዘረጋሁ። ከባሌ ኪስ እንዳይወጣ ስንት የተሟገትሁለትን ሲሶ ራሴ ተቀበልሁት። እጄን አቃጠለኝ።

እቤት ገብቼ ለብቻው በጨርቅ ቋጥሬ አስቀመጥሁት። ትጓደድ ከመጣች ሳይጎድል እሰጣታለሁ። ይህን ለራሴ ማልሁ። ግን ዱቄቱ ሊያልቅ ነው፤ ከዱቄቱ ደግሞ ገነትም ትበላለች። የበላችውን ከሲሶዋ ልቁረጥ? የገዛ ልጄ የበላውንስ ከማን ልቁረጥ? አጎቴን ልጠይቃቸው አሰብሁና ተውሁት፤ ከማክሰኞ ወዲህ ሕግ ሲጠቀስ ፊታቸው ይጠቁራል።

ልጄ ዛሬም ያስላል። የመድኃኒት ሥር የምትሸጠው ሴት ገንዘብ ካላየች አትሰጥም፣ የይሁኔ ድርሻ ደግሞ ለዱቄት እንኳ አልበቃም። ቋጠሮውን አንሥቼ ያዝሁት፤ ገነት ትመለከተኝ ነበር። መልሼ አስቀመጥሁት።

ዛሬ አልነካሁትም። ነገን እንጃ።