ቱቦ ሳይገባልኝ ከባለ ቱቦዎቹ ጋር ስለ መቆጠሬ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሐብተ ማርያም፣ የሆስፒታላችን የጽዳት ውድድር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንደ ተጻፈው ቁጥር ሸጋ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ የቁስቋም ነዋሪ፣ ልጄን እንኳየሁን ከቀዶ ጥገናዋ ወዲህ የሽንት ቱቦ ገብቶላት በተኛችበት የሴቶች ክፍል የማስታምም ባልቴት ነኝ። ይህን በሆስፒታሉ በር ላይ የለጠፍሁት ከድፍረት አይደለም። ቢሮዎ ገብቼ ብቻዬን ከመናገር፣ ሰው እያየኝ መናገሩ ፍርሃቱ ስለሚቀለኝ ነው።

፩ኛ/ በሽንት ቱቦ ሰበብ ኢንፌክሽን የያዘው ከመቶ ሁለት ሰው ብቻ መሆኑን ከሰሌዳው አንብቤ ተደስቻለሁ። የውድድሩን ቀይ ሰንደቅ በተሸለማችሁ ዕለትም፣ በክፍሉ ያደረ ሰው ሁሉ መቆጠሩን እርስዎ ራስዎ በድምፅ ማጉያ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ከልጄ አልጋ ሥር በሰሌን ላይ የማድረውን እኔንም፣ ቱቦ ሳይገባልኝ፣ ቱቦ ካልመረዛቸው ጤነኞች ስለ ደመራችሁኝ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ለመንግሥት ይህን ያህል የጠቀምሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

፪ኛ/ ፊደሉን ብቻዬን ብለቅምም ማካፈልን የተማርሁት ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና፣ ብሳሳት ስሕተቱ የዘመቻው እንዳይባል እሰጋለሁ። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ቱቦ የመረዛቸው ሰዎች ቁጥር መካፈል ያለበት ባለ ቱቦዎቹ ቱቦውን ይዘው በቆዩባቸው ቀኖች ነው እንጂ በአስታማሚ አይደለም። የእኔ ጤንነት የልጄን ትኩሳት በሰሌዳው ላይ አብርዶታል፤ ግንባሯ ላይ ግን እንዳለ ነው።

፫ኛ/ ከትናንት ጀምሮ ያንቀጠቅጣታል። ቱቦው ይታይልኝ ብል፣ ከመቶ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ በሽታ እሷን እንደማይዛት፣ ብርድ ስለሆነ ብርድ ልብስ እንድደርብላት በትሕትና ተነገረኝ። ደረብሁላት። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማርና፣ በዚሁ ሆስፒታል ቱቦው አቃጠለኝ ሲለኝ፣ ሐኪም ያውቃል ብዬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነበርሁ። ሁለተኛ ዝም ማሰኘት ስላልቻልሁ ነው የማስቸግርዎ።

ልመናዬ ይህ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያትና ቱቦው ይውጣላት። ቁጥራችሁ እንዳይበላሽ፣ እኔ ሰሌኔ ላይ ጤነኛ ሆኜ እቆጠርላችኋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቀኝ ፍርሃት ጋር፣
ቱቦ የሌላት ባለ ቱቦ፣
ወርቅውሃ አላምረው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ደብዳቤ ሰበብ የሚወስደኝ ሰው ቢመጣ፣ ከምታካፍሉበት ቁጥር ላይ አንድ መቀነስ እንዳትረሱ። ከዚያ በፊት ግን የልጄን ቱቦ አውጡላት።